ለማፊን ተልባና ሰሊጥ ልትገዙ ያሰባችሁ የባህር ዳር ልጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደልኝ "ይቅር፣ ምን ዋጋ አለው" ብዬ ዝም እላለሁ። እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በእኛ ዝምታ ነው።

ጂም አካባቢ የተከፈቱትን "የጤና ምግብ" ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ተልባው፣ ሰሊጡ፣ ሱፉ፣ የዱባ ፍሬው በብርጭቆ ዕቃ ተሞልቶ ፊት ለፊት ተደርድሯል። "ኦርጋኒክ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ዋጋው ከገበያው ይወደዳል፤ ግን ተለቅሟል፣ ታጥቧል፣ ተፈጭቷል ይሏችኋል። "ስፖርተኛ ነሽ አይደል እህቴ? ላንቺ የሚሆን አለኝ" ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከስፖርት በኋላ የምበላውን የምጋግረው ራሴ ነኝ። ጠዋት በሐይቁ ዳር ሮጠን ወይም ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ስንመለስ ርሃቡ አይጣል ነው። ካፌ ቢገባ ያለው ክሬም የተለሰነበት ኬክ ነው፣ እሱም ለጾም አይሆንም። ስለዚህ ከነገለባው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት፣ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪያወጣ የበሰለ ሙዝ፣ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬና የተፈጨ ተልባ አድርጌ ማፊን እጋግራለሁ። የተላጠ የዱባ ፍሬ ከ100 ግራሙ 30 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሰሊጥና ተልባም ወደ 18 ግራም ይጠጋሉ። ሁሉም እዚሁ ከአገራችን የሚገኝ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ የፕሮቲን ዱቄት በቆርቆሮ መግዛት አያስፈልግም።

የማፊኑ ነፍስ ግን ተልባው ነው። በጾም እንቁላል ስለማይገባ ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ስትተዉት ይዝለገለጋል፣ የአንድ እንቁላል ሥራ ይሠራል። ተልባው ከተበላሸ ሌላው ሁሉ አብሮ ገደል ገባ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሻጩ ልጅ ከፊት ካለው ዕቃ በማንኪያ ዝቆ መዳፌ ላይ አደረገልኝ። ቀመስኩት። ሰሊጡ ነጭ፣ ፍሬው እኩል፣ "የሁመራ ነው" አለኝ፤ አፍ ላይ ሲሰበር ጣፋጭ ነው። ተልባውም አዲስ የታመሰ፣ ሽታው ደስ የሚል ነበር። "ከዚህ መዝንልኝ" አልኩት። "እሺ እናት" አለኝ። ከዚያ ምን አደረገ? ጀርባውን ሰጠኝ። ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ፊተኛው ዕቃ ሳይሆን ከባንኮኒው ሥር ወዳለው ከረጢት ሲገባ በዓይኔ አየሁት። "ከየት ነው የምትዝቀው?" ስለው፣ "ያው ነው፣ የላይኛው ለማሳያ ነው" ብሎ ሚዛኑ ላይ ጣለው፣ አንጠልጥሎ ቋጠረው፣ ጥቁር ፌስታል ደረበበት። ገንዘቡን ተቀብሎ ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞረ። ሁሉም ነገር ትንፋሽ እስክስብ አለቀ።

ቤት ገብቼ ስፈታው ተልባው የቀለም ቅብ ይሸታል። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ለእንጨት ቀለም የሚገባው ዘይት እኮ ከተልባ ይወጣል፣ ያረጀ የተልባ ዱቄትም እንደዚያ ነው የሚሸተው። ሙሉ ፍሬው ወራት ይቆያል። ከተፈጨ በኋላ ግን አየርና ሙቀት ካገኘው ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ የባህር ዳርን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለማንኛውም ብዬ በውሃ በጠበጥኩት። አልተዝለገለገም። ላዩ ላይ ቡናማ ውሃ ቀረ፣ ሥሩ ላይ ፉርሽካ ተኛ። ጣቴን ሰድጄ አወጣሁት፤ ገለባ ነው፣ የስንዴ ገለባ። ሰሊጡን ሳጥበው ደግሞ ሳህኑ ሥር አሸዋ ተጠራቀመ። ጂም አብራኝ ለምትሠራ፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ጓደኛዬ ልወስድላት ነበር እኮ የምጋግረው!

ይዤው ተመለስኩ። ያበገነኝም ይሄኛው ነው። ልጁ አሸተተና ሳቀ። "ተልባ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሸተው፣ ጋግረሽ ልትበይው አይደል? እሳት ያጠፋዋል" አለኝ። የተበጠበጠውን በብርጭቆ ይዤ ስለነበር አሳየሁት። ያኔ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ "ከወጣ ዕቃ አንመልስም በላት" አለ። በላት! እኔ ከፊቱ ቆሜ! ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም። አጠገቤ አንዲት እናት ለልጃቸው ያንኑ ተልባ እያስመዘኑ ነበር። "እማማ፣ ይቺን አሽትቷት" ብዬ ብርጭቆውን ስሰጣቸው ሻጩ ልጅ "ሰው አታስበርግጊብን፣ ውጪ" ብሎ ጮኸብኝ። እማማ ግን አሽትተው ዕቃቸውን ትተው ወጡ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የተፈጨ ተልባ አትግዙ። ሙሉውን ግዙና ቤት አመስ አመስ አድርጋችሁ ፍጩት። ሻጩ ከቀመሳችሁት ዕቃ ላይ ካልመዘነላችሁ ትታችሁ ውጡ፣ ፌስታሉም ሳይቋጠር እዩት። ገንዘቤን እስካሁን አልመለሱልኝም። ያንን ተልባና ፉርሽካ ግን አልጣልኩትም፤ ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ ይዤ እሄዳለሁ። እናንተም እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ዕቃውን ሳትጥሉ አብረን እንሂድ።