የኪንግ ካውንቲ የሰነድ ምዝገባ፦ ስለ አገልግሎቱና ስለ ዋጋው

ሥራዬ በሲያትልና በአካባቢዋ ቤት ለሚገዙ ወይም የቤት ብድራቸውን ለሚያድሱ ሰዎች ሰነድ ማስፈረም ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የአገሬ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ (የአውራጃው መንግሥት) የሚሰጠውን የሰነድ ምዝገባ አገልግሎት የማየው እንደ ዘወትር ተጠቃሚ ነው።

ምዝገባው ራሱ አያስለቅስም። የተፈረመው ሰነድ በኮምፒውተር ይላካል፤ ብዙ ጊዜ ሳይውል ሳያድር የመዝገብ ቁጥር ወጥቶለት ይመለሳል። በፊርማው ጠረጴዛ ላይ ጥያቄ የሚያስነሣው ዋጋው ነው።

ከልጆቻቸው ጋር ኬንት ውስጥ ቤት የገዙ አንድ አባት የወጪ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ወረቀት መዝገብ ላይ ለማስፈር ይህን ያህል ገንዘብ?» አሉኝ።

«አባባ፣ ለመዝገቡ የሚውለው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው ቤት ለሌለው ሰው ነው» አልኳቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ የስም ማዛወሪያ ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ 303.50 ዶላር፣ የብድር መያዣ ሰነድ ደግሞ 304.50 ዶላር ያስከፍላል፤ ለተከታዩ ገጽ ሁሉ 1 ዶላር ይጨመራል። ከ303.50 ውስጥ 183ቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤቶችና መጠለያ ላጡ ሰዎች ነው። ሌላ 100 ዶላር በዘር አድልዎ ቤት ለተነፈጉ ቤተሰቦች ይሄዳል። ለምዝገባውና ለሌሎች ጥቃቅን ክፍያዎች የሚተርፈው 20 ዶላር ተኩል ነው።

«ለድሀ ከሆነስ እሰየው፤ ታዲያ ቀድሞ የሚነግረን ለምን ጠፋ?» አሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሰው የከፈለው ገንዘብ የማን ጣሪያ እንደሚሆን ሳያውቅ ይፈርማል፤ በዝርዝሩ ላይ «የምዝገባ ክፍያ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

የዋሽንግተን ግዛት ይህን መንገድ የጀመረው በ2002 በ10 ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከግማሽ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ቤት ለመሥራት፣ ለማደስና ኪራይ ለመደጎም ተመደበ። ከዚያ በየጊዜው እየጨመረ መጣ፤ በ2021 ብቻ 100 ዶላር ታከለበት። ከ183ቱ ዶላር አንድ ሦስተኛ ያህሉ በካውንቲው ይቀራል፣ ቀሪው ወደ ግዛቱ ካዝና ይገባል። በኪራይ ውድነት ከሲያትል ወደ ደቡብ የተገፉ ስንት ቤተሰቦችን ስለማውቅ ይህን ክፍያ ቅር ሳይለኝ እደግፋለሁ።

ሆኖም ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለ የሚሊዮኖች ቪላና የአንድ ነርስ ትንሽ አፓርታማ እኩል ይከፍላሉ። ይኸው ግዛት የቤት ሽያጭ ግብርን ከ2020 ጀምሮ በዋጋው ልክ ከፍ እንዲል አድርጎታል፤ ለምዝገባውም እንዲሁ ማድረግ ይቻል ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው። ገቢው በወለድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2020 እና በ2021 ወለዱ 3 በመቶ አካባቢ በነበረበት ጊዜ ሰው ሁሉ ብድሩን ያድስ ነበር። አንድ እድሳት ደግሞ አዲስ መያዣና የአሮጌው መልቀቂያ፣ ሁለት ሰነድ ነው። በ2023 ወለዱ ከ7 በመቶ ሲያልፍ የሚያድስ ጠፋ፣ ሰነዱ ነጠፈ፣ ገንዘቡም አብሮ ቀነሰ። በመጠለያ የሚያድረው ሰው ቁጥር ግን ወለድ ተከትሎ አይቀንስም! በግዛቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ያሉ ሕግ አውጪዎች በደጉ ዓመት ለክፉው ዓመት የሚያስቀምጥ ቋት ሊያበጁለት ይገባል።

በዘር አድልዎ ቤት ለተነፈጉት ስለሚሄደው 100 ዶላር ቅሬታ እሰማለሁ። በእርዳታው ቤት ለመግዛት አመልካቹ፣ ወይም ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከሚያዝያ 1968 በፊት በዚህ ግዛት የኖረና በሕጉ ከተጠቀሱት አድልዎ ከደረሰባቸው ወገኖች መሆን አለበት። ከእኛ ሰው አብዛኛው የመጣው ከ1974 አብዮት በኋላ ስለሆነ ይከፍላል እንጂ አያገኝም። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። በእነዚሁ መዝገቦች ውስጥ «ጥቁር እዚህ አይኖርም» የሚሉ የንብረት ውሎች ተመዝግበዋል። እኛ በደቡብ ሲያትል በሬኒየር ሸለቆ ስንሰፍር ያን በር ታግለው ያስከፈቱት ከእኛ በፊት የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በነገራችን ላይ፣ በቤታችሁ ውል ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ካገኛችሁ ማሻሻያውን ያለ ክፍያ ይመዘግቡላችኋል።

ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ አራት፣ ለዋጋው አወቃቀር ሦስት ሰጥቻለሁ።

ቤት በገዛችሁ ሰሞን «የቤትዎን ሰነድ ቅጂ እንላክልዎ» የሚል የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ በፖስታ ሊደርሳችሁ ይችላል፤ መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አትክፈሉ። ተራውን ቅጂ ካውንቲው በገጽ በ1 ዶላር ይሰጣል።