የመሳም ትዕይንት፦ በአንድ ካሜራ ወይስ በሁለት?

በሁለት ወንዶች ፍቅር ላይ በሚያጠነጥን ተከታታይ ድራማ የመሳም ትዕይንት ሲቀረጽ፣ አንድ ካሜራ ለመብራት ይመቻል፤ የእያንዳንዱን ፊት ብርሃን ለብቻ ማስተካከል ይቻላል። ጣጣው ድግግሞሹ ነው። አራተኛው ቀረጻ ላይ የአንዱ ጺም የሌላውን አገጭ አቅልቶ፣ ሜካፑን ጠርጎት ይገኛል። አንገት ላይ የነበረች እጅም ትከሻ ላይ ትወርድና ኤዲቲንጉ አይገጥምም።

ሁለት ካሜራዎች በአንድ ወገን ቆመው 50 እና 85 ሚሊሜትር ሌንስ ከያዙ ሰፊውም ቅርቡም ምስል በአንዴ ያልቃል፤ የእጅ አቀማመጡም ይገጥማል። መብራቱ ግን ለሁለቱም ሲባል ይላላል፤ የማይክ ዘንጉም ሰፊው ምስል ውስጥ እንዳይገባ ይርቃል፣ ሹክሹክታውም ይደበዝዛል። ለመሳሙ ሁለት፣ ለዝምታው መተያየት አንድ ይሻላል። በቁመት ከተበላለጡ አጭሩ የእንጨት ሳጥን ላይ ይቁም። በየትኛውም ቢሆን እጅ የት እንደሚያርፍ ተዋንያኑ አስቀድመው ተስማምተው ይለማመዱት።