ነጠላው ሳይቃጠል ፊቱ ሳይጠፋ፦ ለጎጃም ቀረጻ የትኛውን የኤክስፖዠር መሣሪያ ልግዛ?

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ሠርግ፣ ክሊፕና ዶክመንተሪ የሚቀርጽ ሰው ፈተናው ያው ነው። ነጭ ነጠላ፣ ጠቆር ያለ ፊትና የቀትር ፀሐይ በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ብዙ ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኤክስፖዠር (ምስሉ ስለሚያገኘው የብርሃን መጠን) መለኪያ ነው። መቅደም ያለበት ግን ብርሃን መቀነሻው ነው፤ ዌቭፎርሙ (የምስሉን ብርሃን በቁጥር የሚያሳየው መለኪያ) «ተቃጥሏል»፣ ማለትም ነጩ ዝርዝሩን አጥቷል፣ ቢላችሁ የምትቀንሱበት ከሌለ ምን ይፈይዳል?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጥርት ባለ ፀሐይ በአይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 100 እና በ1/100 ሴኮንድ ሹተር ትክክለኛው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 16 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በሎግ (ብዙ ብርሃንና ጥላ ለመያዝ ፈዘዝ ብሎ በሚቀረጽ ምስል) ስትቀርጹ መነሻ አይኤስኦው ብዙ ጊዜ 800 ነው፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሆን ሹተሩ 1/50 ይሆናል። ይህ ብቻ 4 ስቶፕ ትርፍ ብርሃን ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ኤፍ 2.8 ድረስ ልክፈት ካላችሁ 5 ስቶፕ ይጨመርበታል። በጠቅላላው 9 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ ፊልተር) ያስፈልጋል ማለት ነው።

ኤንዲ፦ ካሜራው ውስጥ ያለው ወይስ የሚገጠመው?

ሶኒ ኤፍኤክስ6 ከ2 እስከ 7 ስቶፕ ያለ መዝለል የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክ ኤንዲ አለው። በአይኤስኦ 800 ቀትር ላይ ኤፍ 5.6 ድረስ ያስከፍታችኋል። ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ፕሮ 2፣ 4 እና 6 ስቶፕ አለው፤ መነሻ አይኤስኦው 400 ስለሆነ እሱም ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። ካኖን ሲ70 ግን 2፣ 4 እና 6 ላይ 8 እና 10ን ስለሚጨምር ለኤፍ 2.8 አይቸገርም። ኤፍኤክስ3 እና ኤፍኤክስ30 የውስጥ ኤንዲ የላቸውም፤ እነዚህን የገዛ የፊልተር በጀት አብሮ ይያዝ።

ጥር 23 በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ደመና ሲመጣና ሲሄድ የኤፍኤክስ6ን ያህል የሚመች የለም። ፈረሱ እየጋለበ ሳለ ኤንዲውን ቀስ አድርጋችሁ ታዞራላችሁ፣ አፐርቸሩ አይነካም፣ የጀርባው ብዥታም አይለወጥም። በደረጃ የሚቀያየረው ግን በሾቱ መካከል ሲዞር ዝላዩ ይታያል።

የሚገጠመው ቫሪየብል ኤንዲ የተሠራው አንዱ በሌላው ላይ ከሚዞር ሁለት ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ነው። ዋጋው ይቀላል፣ ጣጣው ግን አለው። በሰፊ ሌንስ ጥግ ድረስ ሲዞር ጥቁር የመስቀል ቅርጽ ፍሬሙን ያቋርጣል። ጣና ላይ ደግሞ ሲሽከረከር የውኃው ነጸብራቅ አብሮ ይለዋወጣል፣ ሰማዩም አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ይነጣል። ለሐይቅ ሥራ ቋሚ ኤንዲ ይሻላል፤ ኢንፍራሬድ የሚያግድ ይሁን እንጂ፣ አለዚያ ሰው ሠራሽ ጥቁር ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በ82 ሚሊሜትር ገዝታችሁ በማስማሚያ ቀለበት ለትንንሾቹ ሌንሶች ተጠቀሙበት።

በሎግ ሲቀርጽ ኤንዲ ያጣ ሰው አይኤስኦውን ወደ 100 ያወርዳል። አይሆንም። ሴንሰሩ የሚሞላበት የብርሃን መጠን አይቀየርም፤ ምስሉ ግን ስለሚጠቁር አፐርቸሩን ትከፍታላችሁ፣ ነጠላውም ሳታውቁት ይቃጠላል።

መለኪያዎቹ

ሂስቶግራም (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ደማቁን የሚቆልል ግራፍ) በነጻ አብሮ ይመጣል፤ ለእሱ ብላችሁ ካሜራ አትምረጡ። ምን ያህል ደማቅ ነገር እንዳለ እንጂ የቱ ቦታ ላይ እንዳለ አይናገርም። ግማሽ ፍሬሙን ጋቢ ሲይዘው የቀኝ ክምሩ ያብጣል፣ ፊቱ ግን የት እንዳለ አይታወቅም።

ዜብራም (ደማቁ ቦታ ላይ መስመር የሚያሳይ ምልክት) በነጻ ነው፣ ይጠቅማልም። በኤስ-ሎግ3 (በሶኒ ሎግ) 94 በመቶ ላይ አድርጉት፤ መስመሩ ከታየ ያ ቦታ ተቃጥሏል ማለት ነው። «ፊትን 70 ላይ አድርግ» የሚለው ደንብ ግን ለነጣ ያለ ቆዳና ሎግ ላልሆነ ምስል የወጣ ነው። የእኛን ሰው ፊት 70 ላይ ለማድረስ የሚታገል ነጠላውን ይሠዋል።

ዌቭፎርም ከሁሉ ይበልጣል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ፍሬሙን ተከትሎ ቁጥር ስለሚሰጥ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 18 በመቶ ግራጫ ካርድ ከሙሽራዋ ፊት አጠገብ፣ ፊቷን በሚመታው ብርሃን ውስጥ ይያዝ። በኤስ-ሎግ3 ካርዱ 41 እስኪደርስ ኤንዲውን ወይም አፐርቸሩን አስተካክሉ። ያኔ በዚያው ብርሃን ያለ ነጭ ጨርቅ 61 አካባቢ ይቀመጣል፣ ጠቆር ያለ ፊት ከካርዱ ትንሽ ቢወርድ ትክክል ነው። ፓናሶኒክ ኤስ5 ማርክ ቱ እና ካኖን ሲ70 ዌቭፎርም በውስጣቸው አላቸው።

ፎልስ ከለር (የብርሃን ደረጃዎችን በቀለም የሚያሳይ) ለፈጣን ሥራ ከዌቭፎርም ይቀድማል። ፖኬት 6ኬ ፕሮ ላይ አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ፣ ሮዝው ከዚያ 1 ስቶፕ በላይ፣ ቀዩ የተቃጠለው ነው። ሮዝ ፊት አትፈልጉ፤ ለጠቆረ ቆዳ አረንጓዴ ወይም ዝቅ ያለ ይበቃል።

የውጭ ሞኒተር የምትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካሜራው በኤችዲኤምአይ የሚልከው ለት (የሎጉን ፈዛዛ ምስል ወደ መደበኛ ቀለም የሚቀይር ቅንብር) የተጫነበት ምስል ከሆነ ሞኒተሩ የሚለካው ለቱን ነው፣ ቁጥሮቹም ከሎጉ አይገጥሙም። ሎጉን ላኩ፣ ለቱን ሞኒተሩ ላይ ጫኑ። ከ1000 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) በታች የሆነ ስክሪን ደግሞ ቀትር ላይ መስታወት ነው የሚሆነው።

ላይት ሜትር፣ ለምሳሌ ሴኮኒክ ኤል-308ኤክስ፣ የሚለካው የሚያርፈውን ብርሃን ስለሆነ ነጠላ አያታልለውም። ነጩን ጉልላት ሰውየው በቆመበት ወደ ካሜራው አዙሩት። ፈረሰኛውን መድረስ ካልቻላችሁና ፀሐዩ ለሁለታችሁ አንድ ከሆነ በቆማችሁበት ለኩ። የኤንዲውን ስቶፕ ግን ራሳችሁ ቀንሱ፤ ሜትሩ ፊልተር መኖሩን አያውቅም። ዘጌ ላይ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባለ ጨለምለም ያለ ውስጥ ቃለ መጠይቅ ለሚያዘጋጅ ገንዘቡን ያወጣል። ለሠርግ ብቻ ከሆነ ይቆይ።

ስለዚህ ብቻውን እየሮጠ የሚቀርጽ ሰው የውስጥ ኤንዲ ያለው ካሜራ ይግዛ፣ ሌላው ይቆየው። ኤፍኤክስ3 በእጁ ያለ ሰው መጀመሪያ ቋሚ ኤንዲ፣ ቀጥሎ ዌቭፎርምና ፎልስ ከለር ያለው ደማቅ ሞኒተር ይጨምር። ቫሪየብል ኤንዲ ስትገዙ ሱቁ በር ላይ ሞክሩት፦ በጣም ሰፊውን ሌንሳችሁን ግጠሙ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩ፣ እስከ መጨረሻው ምልክት አዙሩ። ጥላ ከታየ መልሱት። ከዚያ ጥቁር ጃኬት ፀሐይ ላይ ቅረጹና ቀለሙን ፊልተር ሳይኖር ከተቀረጸው ጋር አስተያዩ።