የሰፈር ወግ አጥባቂዎች ስብሰባ፦ በጥርጣሬ ገብቼ ያየሁት

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድኑን ሕግ ከፈረሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በምኖርበት የቨርጂኒያ ከተማ የቲ ፓርቲ፣ ማለትም የመንግሥት ግብርና ወጪ እንዲቀነስ ይጠይቅ የነበረው የወግ አጥባቂዎች እንቅስቃሴ፣ ደጋፊዎች በየወሩ የሚያደርጉትን ስብሰባ ለማየት ሄድኩ። ስያሜው በ1773 በቦስተን ወደብ ቀረጥ የተጣለበትን ሻይ ባሕር ውስጥ ከጣሉት ሰዎች የተወሰደ ነው። እኔ ሕጉን ከሚደግፉት ወገን ስለነበርኩ፣ በቴሌቪዥን ያየሁት ጩኸትና መፈክር እንደሚጠብቀኝ አስቤ ነበር።

የጠበቀኝ ግን ሥርዓት ነው። ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ፤ ተሰብሳቢው ቆሞ ለሰንደቅ ዓላማው የታማኝነት ቃል ገባ፤ ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤም ተነብቦ ጸደቀ። በር ላይ የሕገ መንግሥቱ የኪስ ቅጂ በነፃ ይታደል ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የያዙት ቅጂ ግን ጠርዙ የተበላ አሮጌ ሲሆን፣ በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን የግዛቶቹና የሕዝቡ ነው የሚለውን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡልኝ። የተሰብሳቢው ቅሬታም በአንድ ፓርቲ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በ2008 ለባንኮች መታደጊያ 700 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደውን ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ቡሽ መሆናቸውን ደጋግመው አንሥተዋል።

እጅግ የጠቀመኝ የምርጫ ቀጣና ሥራ ማብራሪያው ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ የመራጮችን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ የትኛው በር እንደተንኳኳ፣ ማን እንደከፈተና ማን ተመልሳችሁ ኑ እንዳለ በምልክት ለይታ አሳየችን። ጥቂት ሰው በሚወጣበት የእጩዎች ማጣሪያ ምርጫ፣ ጎረቤቱን ይዞ የሚወጣ ሰው የፓርቲውን አቅጣጫ ሊለውጥ እንደሚችል ያስረዳችበት መንገድ፣ እኛ ስደተኞች በየማኅበራችን ልንማረው የሚገባ ነው።

ስብሰባው የወደቀብኝ በጥያቄ ሰዓት ነው። ተናጋሪው አዲሱ ሕግ አረጋውያን ይታከሙ ወይስ አይታከሙ ብሎ የሚወስን ቦርድ አቋቁሟል አሉ። ይህ ሐሰት ነው፤ በ2009 በአንድ ረቂቅ የቀረበው፣ በሽተኛው ፈቅዶ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሕይወቱ ፍጻሜ ሲመካከር ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን እንዲከፍል የሚል ሐሳብ ነበር፤ እሱም በጸደቀው ሕግ አልተካተተም። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ እንዲነግሩኝ ስጠይቅ ሁሉም የሚያውቀው ነው ብለው አለፉኝ፤ ሰብሳቢዋም ሰዓት አልቋል አሉ። ሕገ መንግሥቱን በየቃሉ የሚያነቡ ሰዎች ከ900 ገጽ በላይ ያለውን ሕግ በወሬ ሲቀበሉት ማየቴ ከልብ አሳዝኖኛል።

የምርጫ ሥራን ከመሠረቱ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ አመለካከቱ ምንም ይሁን ምን፣ ስብሰባውን እንዲያይ እመክራለሁ፤ ስለ ሕጎች የሚነገረውን ግን ጽሑፉን ሳያይ አይቀበል። ስንወጣ አዛውንቱ እርሳሳቸውን ሰጥተውኝ፣ የሕጉን ቁጥር በኪስ ቅጂያቸው ጀርባ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። 111-148 ብዬ ጻፍኩላቸው።