የግዢ ሶፍትዌር ላስመረራችሁ፦ ይቺን ልጅ ጥሯት

ፈሳሽ ሳሙና እናመርታለን። ሳሙናው አለ፣ ጠርሙሱ አለ፣ ክዳኑ የለም። ሠራተኛው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። ምን መቼ እንደምንገዛ የሚነግረንን ሶፍትዌር ስንከፍተው ደግሞ ክዳን በመምጣት ላይ ነው፣ አሁን የሚገዛ ነገር የለም ይለናል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተቃጠልን።

ያልጠራነው ባለሙያ የለም። አንዱ አሥር ደቂቃ አየና «ሲስተሙ ጤነኛ ነው፣ ሰዎቻችሁን አሠልጥኑ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሌላው የሁሉንም ዕቃ መጠባበቂያ ክምችት በእጥፍ አሳደገው። መጋዘኑ በማያልቅ ሌብል ተሞላ፣ ገንዘባችን እዚያው ታሰረ፣ ክዳን ግን አሁንም የለም! ሦስተኛው ጭራሽ ስልክ ማንሳት አቆመ። ስማቸውን አልጠራም። በዚህ ሁሉ መሀል ወቀሳው የሚያርፈው የመጋዘን ኃላፊያችን ላይ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ለምን ቀድመው አላዘዙም?» እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ከዚያ አንድ ወዳጄ የዚህችን የሶፍትዌር ባለሙያ ልጅ ስልክ ሰጠኝ። ስትመጣ ኮምፒውተሩን አልነካችም። «የዕቃ መረከቢያ ደብተር አላችሁ?» አለች። ጋሼ ጠርዙ የተበላውን ደብተራቸውን አመጡ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ያዘዝንበትንና ዕቃው የገባበትን ቀን አንድ በአንድ ጻፈች። የክዳኑ አቅራቢ በ14 ቀን አደርሳለሁ ይላል። እኛም ሶፍትዌሩ ላይ 14 ብለን ሞልተናል። የደረሰው ግን በ19፣ በ23፣ አንዴማ በ31 ቀን ነው። በ14 የገባበት አንድም ጊዜ የለም። ቀና አለችና ሁላችንም ባለንበት «ይሄ የጋሼ ጥፋት አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የነገራችሁትን አምኖ ነው» አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

የሠራችውን ሁሉ ተረድቻለሁ ብል ውሸት ነው። የገባኝ ይህ ነው። የኛ ሶፍትዌር የመድረሻ ቀኑ ያለፈበትን ትዕዛዝ፣ ቀኑን ካላደስንለት፣ ዛሬ ነገ ይገባል ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሌላ ግዙ አይልም። ግማሹ ብቻ ሲገባም ለቀረው አዲስ ቀን መስጠት አለብን። አሁን ጋሼ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቀናቸው ያለፈባቸውን ትዕዛዞች አውጥተው ለአቅራቢዎቹ ይደውላሉ፣ የተነገራቸውን ቀን ያስገባሉ። እንደየአቅራቢው ጠባይም የጥንቃቄ ቀን፣ ማለትም ቢዘገይ ተብሎ የሚያዝ ትርፍ ቀን፣ ተጨምሯል። ካርቶን የሚያመጣልን ሰው ቀኑን ስለሚያከብር እሱ ላይ ምንም አልጨመረችም። የቀረውን ሴቲንግ እሷ ታውቀዋለች።

ክዳኑ አሁንም ይዘገያል እኮ! ሰውየው አልተለወጠም። ግን ቀድመን ስለምናዝ ከአምስት ወር ወዲህ ማሽናችን በክዳን ምክንያት ቆሞ አያውቅም። ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች በኋላም ሁለት ጊዜ ደውላ «ጋሼ፣ ሰኞን አልረሷትም አይደል?» ብላለች። ሳንቲም ሳትጠይቅ። ከልቤ አመሰግናታለሁ።

እንደኛ የተቃጠላችሁ ካላችሁ ጥሯት። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯት። ስልኳን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ደብተራችሁን ብቻ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።