ያለው ድረ ገጽ ለስልክ እንዲመች፦ ኮዱን ማስተካከል፣ ቲም መቀየር ወይስ እንደ አዲስ ማሠራት?

ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ የሚፈልግ እንግዳ ዋጋውን የሚያየው በያዘው ስልክ ነው። ጽሑፉን ለማንበብ በሁለት ጣት መለጠጥ ካለበት ትቶት ይሄዳል። ባለሙያ ሲያነጋግሩ አራት ዓይነት ሥራ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ የሚያዋጣውን የሚወስነው የድሮው ድረ ገጽ አሠራር ነው።

ገጾቹ ጥቂት ከሆኑና ኮዱ በእጅዎ ካለ ማስተካከሉ ይበጃል። ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲታይ የሚያዝዘው ቪውፖርት የሚባለው የኮድ መስመር ከሌለ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል፤ የብዙ ስልኮች ስፋት ግን በድረ ገጽ ልኬት 360 ገደማ ነው። ይቺን መስመር ብቻ ጨምሮ «ጨርሻለሁ» የሚል ባለሙያ አይመኑ። በፒክስል የተቆረጠው ስፋት ወደ ፐርሰንት ካልተቀየረ ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጎን ለጎን ያሉት ዓምዶች ከላይ ወደ ታች መደርደር፣ የዋጋ ሰንጠረዡም ለብቻው መንሸራተት አለበት። የመመዝገቢያ ቅጹ ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ሲነኩት ገጹን በራሱ ያጎላዋል።

ድረ ገጹ ዎርድፕሬስ በሚባለው ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ከሆነ ቲም (የገጹን መልክ የሚወስነውን ንድፍ) መቀየር ይፈጥናል። ችግሩ በድሮው ቲም የተሠሩ ስላይዶችና ቅጾች ጠፍተው በቦታቸው በቅንፍ የተጻፈ ኮድ ብቻ ሊቀር መቻሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በድረ ገጹ ቅጂ ላይ ይሞከር።

ለስልክ ብቻ ሌላ ድረ ገጽ መክፈት አይመከርም። የጀልባው ዋጋ ሲጨምር አንዱ ይታረማል፣ ሌላው ይረሳል። ጉግልም የሚመዘግበው የስልኩን ገጽ ስለሆነ እዚያ ያልተጻፈው ፍለጋ ላይ አይወጣም።

እንደ አዲስ ማሠራት ውድ ነው፤ ግድ የሚሆነው አማርኛው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩት ፎንቶች ሲጻፍ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ስልክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ፎንቱን ገጹ ላይ በመጫን ዓይንን ማታለል ይቻላል፤ ሆኖም «ባሕር ዳር ጀልባ» ብሎ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው አያገኝዎትም። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ አንድ በአንድ መታረም አለበት፤ ይህ በዋጋው ውስጥ መኖሩን በውል ያስጽፉ። (በመቀየሪያ ሶፍትዌር ሲገለበጥ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ሊበላሹ ይችላሉ፤ የዋጋ ዝርዝሩን ራስዎ ያንብቡት።)

የትኛውንም ቢመርጡ የፎቶዎቹ መጠን ካልቀነሰ ዋጋ የለውም። ከካሜራ በቀጥታ የተጫነ የጢስ ዓባይ ፎቶ 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ወደ 1000 ፒክስል ስፋት ሲወርድ 150 ኪሎባይት አካባቢ ይበቃዋል።

ርክክቡን በባለሙያው ላፕቶፕ አያድርጉ። በርካሽ አንድሮይድ፣ ዋይፋይ አጥፍተው በዳታ ይክፈቱት፤ ስልክ ቁጥሩን ሲነኩት መደወያው ይምጣ። ኦፔራ ሚኒ በሚባለው ብሮውዘር ላይም ሜኑውን ይሞክሩ፦ ዳታ በሚቆጥበው አሠራሩ ገጹን በራሱ ሰርቨር አዘጋጅቶ ስለሚልክ በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚከፈት ሜኑ ዝም ሊል ይችላል። ቀሪውን ክፍያ ከዚህ በኋላ ይስጡ።