የአንድ ቀን የከፍታ ሥራ ሥልጠና፦ መንጠቆው የት ይሰካ?

በአዲስ አበባ የግንባታ ሳይቶች የተለመደው የከፍታ ሥራ ደህንነት ሥልጠና የአንድ ቀን ነው። ጠዋት ስላይድ፣ ከሰዓት ጥቂት ማሳያ፣ ማታ ሰርተፍኬት። ስለ ሄልሜትና ስለ ሴፍቲ ጫማ የሚነገረው በቂ ነው። የመሰላል አቋቋምም (ለ4 ሜትር ቁመት እግሩን 1 ሜትር ማራቅ) ቶሎ ይጨበጣል። ክፍተቱ ያለው የሰው ሕይወት በሚጠፋበት ቦታ ላይ ነው።

ሠልጣኙ የደህንነት ቀበቶ (ትከሻንና ጭንን የሚይዝ የመውደቅ መከላከያ ማሰሪያ) መልበስ ተምሮ ይወጣል፣ መንጠቆውን የት እንደሚሰካ ግን አያውቅም። ቀበቶውን ከመሰኪያው ጋር የሚያገናኘው መደበኛ ገመድ 1.8 ሜትር ነው። ሰው ሲወድቅ ተተርትሮ ኃይሉን የሚያበርደው ክፍል 1 ሜትር ያህል ይረዝማል። ገመዱ ከሚያያዝበት የቀበቶው የጀርባ ቀለበት እስከ እግር 1.5 ሜትር፣ ለመጠባበቂያ 1 ሜትር ሲጨመር የሚያስፈልገው ባዶ ከፍታ 5.3 ሜትር ይሆናል፤ የሚለካውም ከተሰካበት ነጥብ ቁልቁል ነው። በ3 ሜትር ከፍታ ባለ ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ላይ ሆኖ እግሩ ሥር ያለ ፌሮ ላይ የሰካ አናጢ፣ ገመዱ ገና ሳይወጠር እግሩ መሬት ይመታል። እዚያ የሚያድነው የጠርዝ አጥር ነው፤ ካልሆነም ጠርዙ ጋ ጭራሽ የማያደርስ አጭር ገመድ። ይህን በሜትር እየለኩ ማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ አብዛኛው አሠልጣኝ ግን ይዘለዋል።

መሰኪያው ራሱም ሌላ ጣጣ አለው። 2,200 ኪሎ ያህል መቻል አለበት። በሚስማር የተመታ የስካፎልድ አጣና ይህን አይችልም፣ ሰውየውን ይዞ ይወርዳል።

በእጅ መሠራት ያለበት ፍተሻም አለ፦ የጭን ማሰሪያው ሲጠብቅ መዳፍ ያስገባል፣ ጭብጥ አያስገባም። በብየዳ ፍንጣሪ የተቃጠለ፣ ስፌቱ የተተረተረ፣ አንዴ ሰው የወደቀበት ቀበቶ ይወገዳል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ደግሞ ለመውደቅ መከላከያ አይሆንም፤ አከርካሪና የውስጥ አካል ይጎዳል። ተንጠልጥሎ የቀረውን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድም ልምምድ ይፈልጋል፤ እግር ላይ የሚጠራቀመው ደም ራስን ያስታል፣ ሊገድልም ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛው የሥራውን አደጋና ጥንቃቄውን እንዲያውቅ ማድረግን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል። ዛሬ ጠዋት የተቀጠረ የቀን ሠራተኛም በዚሁ ሥር ነው፤ ያለፈው ወር ሥልጠና እሱን አይመለከተውም። ፎርማኑ ያልተቀመጠበት ሥልጠናም ዕድሜው አጭር ነው፤ «ቶሎ ጨርስ» የሚለው እሱ ነውና።

ሥልጠናውን የሚገዛ ተቋራጭ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ቢያንስ 4 ሰዓት ሳይት ላይ የሚደረግ ልምምድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ያለ ማስታወቂያ የሚደረግ ጉብኝት። ያን ቀን አሠልጣኙ ስካፎልዱ ሥር ቆሞ ከላይ ካሉት ስንቱ እንደሰኩ፣ የት እንደሰኩም ይቁጠር።